መሪጌታን በጆሮ መፈለግ

አባቴ በሰባ ዓመታቸው፣ በጾም፣ የድንች ጆንያ ላይ ቆመው ጅራፍ እያጮሁ በጉም ውስጥ ተሰወሩ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም እስከ ዛሬ እስቃለሁ። የዚያን ጧት ግን ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ብቻ እባካችሁ እያቋረጣችሁ "ከዚያስ?" አትበሉኝ፤ ሲያጣድፉኝ ደሜ ይፈላል።

ፈንታነሽ እባላለሁ። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ አለችኝ፤ ስልክ እጠግናለሁ፣ ዲሽ እተክላለሁ። ጣራ ላይ የወጣች ሴት አይቶ አፉን የማይከፍት ወንድ በከተማችን የለም። እኔም ከላይ ሆኜ "ዝንብ ይገባብሃል!" እላለሁ። ከኩዌት ከመጣሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። አባቴ መሪጌታ ቀለመወርቅ የዜማ መምህር ናቸው። ጆሯቸው የጉድ ነው፤ ተማሪ ከጎረቤት ግቢ ሆኖ አንዲት ድምፅ ሲያዛንፍ ምሳቸውን አቋርጠው "ተመለስ!" ብለው ይጮሃሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ስለዚህ ስንጣላም የሚገላግለን የለም።

ላገባው የፈለግሁት ዋልልኝን ነው። ዋልልኝ የጋሳይ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። የተዋወቅነው ሱቄ መጥቶ "ትልቅ ያረጀ ዲሽ አለሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። ስንት ቻናል እንደሚይዝ ልነግረው ስጀምር ቴሌቪዥን የለኝም አለኝ።

"ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? በርበሬ ልታሰጣበት?"

"መንኮራኩር ልሰማበት" አለኝ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር ሳይታይ።

ወደድኩት። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሐምሌ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ካሳሁን ነበሩ። አያ ካሳሁን ደግ ሰው ናቸው፤ ግን በሙሽራ ወገን ሲቆሙ ማጋነን ግዴታ ይመስላቸዋል። አንድ በሬ ያለውን ባለ ሁለት ጥንድ፣ ዘበኛውን ኮማንደር ያደርጉታል። እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ ጆሮዬን ሰክቻለሁ።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አሉ አባቴ።

"የሰማይ መንኮራኩር ሹፌር ነው!" አሉ አያ ካሳሁን።

የያዝኩትን ብርጭቆ ልለቀው ምንም አልቀረኝ።

"ሹፌር?"

"ሹፌር! ከማርስ ማዶ ሁሉ ይነዳል።"

"ሲነዳ የት ይቀመጣል?"

"እዚሁ፣ ደብረ ታቦር።"

"መንኮራኩሩን አይቶት ያውቃል?"

"ኧረ ማን ያየዋል መሪጌታ! በጆሮ ነው እንጂ።"

ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አባቴ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ከዚያ "በውሸት የተጠየቀች ልጅ አልሰጥም። ልጁ ራሱ ይምጣና ያስረዳኝ" ብለው ተነሱ።

ዋልልኝ በማግስቱ መጣ። ቁጭ ሳይል መጀመሪያ የተናገረው ቃል "ሹፌር አይደለሁም" የሚል ነበር። አያ ካሳሁን ከጎኑ ሆነው በክርናቸው ጎሸሙት፤ እሱ የት ሊገባው! የሚያስተምረውንና ያጠናውን አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ያጠናው መንኮራኩር ሰማይ ላይ የት እንዳለ ማወቅን ነው።

"ሰማይ ላይ መንገድ የለም፣ ወንዝ የለም፣ ዛፍ የለም" አለ። "መንኮራኩሩ ራሱም ያለበትን አያውቅም። ከምድር በሬዲዮ ይጠሩታል፤ እሱም የሰማውን መልሶ ይልካል። የሬዲዮ ፍጥነት የታወቀ ነው፤ መልሱ በዘገየው ልክ ርቀቱ ይታወቃል። እየራቀ ከሆነ ድምፁ ይወፍራል፣ እየቀረበ ከሆነ ይቀጥናል፤ በዚያ ፍጥነቱ ይታወቃል።"

"እንደ አይሱዙ ጥሩምባ" አሉ አባቴ።

ዋልልኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "አዎ! በትክክል እንደ አይሱዙ ጥሩምባ!"

"ቁጭ በል። አቅጣጫውስ?"

"በምድር ሁለት ጫፍ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች ይቀመጣሉ። ድምፁ አንዱ ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ከልዩነቱ በየት በኩል እንዳለ ይወጣል።"

"ስህተቱስ?"

"ርቀቱን በጥቂት ሜትር።"

"ከማርስ?"

"ከማርስ።"

አባቴ እንደሚስቁ ነበር የጠበቅሁት። አልሳቁም። መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

"ልጄ ኩዌት ሳለች አሠሪዋ ስልኳን ቀማቻት። ሁለት ዓመት ድምጿን አልሰማሁም። የላካትን ደላላ ጠየቅሁ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። 'አባ፣ ዐረብ አገር ሰፊ ነው፤ የት ብለን እንፈልጋት?' አሉኝ። አሁን አንተ መጥተህ ማንም የማያየው ብረት ከማርስ ማዶ የት እንዳለ በሜትር እናውቃለን ትለኛለህ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አንተ ትዋሻለህ፣ ወይ ልጄን የሚፈልጋት ሰው ጠፍቶ ነው።"

ጓዳ ውስጥ እንባዬ መጣ። ስለዚያ ጊዜ አባቴ በአፋቸው አንስተው አያውቁም ነበር።

"አልዋሽም" አለ ዋልልኝ ቀስ ብሎ። "የሚፈልጋት ሰው ጠፍቶ ነው።"

"እንግዲያው አሳየኝ። መንኮራኩር የለኝም፤ እኔ አለሁልህ። ቡሄ ሊደርስ ነው። በልጅነቴ ይፋግ ላይ እንደኔ ጅራፍ የሚያጮህ አልነበረም። ስልክ ይዤ እወጣለሁ፣ ድምፁ ከሚሰማበት አልርቅም፣ አንድ ቦታ ቆሜ አጮሃለሁ። ቃል ግን አልተነፍስም። መንኮራኩሩ የት እንዳለ አያውቅም አላልክም? እኔም አላውቅም። አግኘኝና ልጄን ውሰድ። ካላገኘኸኝ ደጄን እንዳታንኳኳ።"

እዚህ ላይ እኔ ጓዳዬን ጥዬ ወጣሁ። "እኔስ አልጠየቅም እንዴ? በጅራፍ ነው የምዳረው?" አልኩ። አባቴ "አንቺማ ከሱ ጋር ሆነሽ ፈልጊኝ" አሉኝ። ይሄ ደግሞ ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዘዴው ቀላል ነው። ጅራፉ በስልክ ሲሰማ በሬዲዮ ስለሚመጣ ከመቅጽበት ይደርሳል። በአየር የሚመጣው ግን በእግሩ ነው የሚመጣው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሁለቱን ድምፅ ሌላ ስልክ ላይ ቀድተህ ክፍተቱን ስትለካ ርቀቱ ወጣ። ሁለት ሰው ሁለት ቦታ ሆኖ ከለካ ደግሞ ቦታው ወጣ። ዋልልኝ ግን ያለ ጭንቀት መኖር አይችልም፤ ስልኩ ራሱ ትንሽ እንደሚዘገይ ካልለካሁ አለ። ሱቄ ውስጥ ጅራፉን እኔው አጮህኩለት። የስልኩን መዘግየት አገኘን፤ የመስኮቴን መስታወት አጣን። እንዲህ እየሳቅን የሰነበትንበት ጊዜ በሕይወቴ ትዝ አይለኝም።

ቀኑ ደረሰ። የነሐሴ ጉም እናንተ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን የገዛ ጫማዬ አልታየኝም። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ጅራፋቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ እንደ ጎረምሳ እየተጣደፉ ወጡ። እኔ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ወጣሁ፤ አያ ካሳሁን ለምስክርነት ተከትለውኛል። ዋልልኝ ደግሞ በከተማው ጫፍ፣ በጋሳይ መውጫ ላይ ቆመ። የሦስታችንን ስልክ በአንድ ጥሪ አገናኘሁት።

"ዝግጁ?" አልኩ። ጧ! አለ ስልኩ።

ይህን ጊዜ ነው ያላሰብነው ጉድ የመጣው። የቡሄ ሰሞን ነው፤ የከተማው ልጅ ሁሉ ጅራፍ ይዟል። ከታች ጧ፣ ከላይ ጧ፣ ከመስጊዱ በኩል ጧ፣ ከገበያው ጧ! የቱ ነው የአባቴ?

"ፈንታ፣ እኔ ጋ ሠላሳ ጅራፍ ነው የሚሰማው" አለ ዋልልኝ፤ ድምፁ ቀጠነ። "መንኮራኩር እኮ እንዲህ ሲሆን የሚታወቅ ምት ነው የሚልከው። ምት ያስፈልገናል።"

"ዝም በል አንተ፣ ልስማበት!"

ዓይኔን ጨፈንኩ። በስልኩ ውስጥ አባቴ አንዴ አጮሁ፣ ቆዩ፤ ሁለቴ አከታተሉ፣ ቆዩ፤ አንዴ አጮሁ። ሳቄ አመለጠኝ። ተማሪ ሲያስቆሙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ የሚመቱት እንዲህ ነው! ልጅ ሆኜ በዚያ ምት ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ካልጠፋ ምት ያንን ያጮሁት ሆን ብለው ይሁን እጃቸው ለምዶ፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

"አንድ፣ ሁለት አከታትሎ፣ አንድ!" ብዬ ጮህኩ። "ሌላውን ሁሉ ተወው!"

በጉሙ ውስጥ ያው ምት በእግሩ እየተጎተተ መጣ። ለካሁ፤ ነገርኩት። እሱም ለካ፤ ደመረ፣ ቀነሰ።

"ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር!"

"እልልልል!" አልኩ። ኮረብታው ላይ ዘለልኩ። አያ ካሳሁን ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንስተው "ሹፌር ነው ስል ማን አመነኝ!" አሉ። "በሉ ሄደን እናምጣቸው!"

ጧ፣ ጧጧ፣ ጧ። አባቴ ደግመው አጮሁ። ልማድ ሆኖብኝ ለካሁት። ለካሁትና ሳቄ ቆመ። ክፍተቱ ጨምሯል።

"ዋልልኝ፣ እኔ ጋ ርቀዋል።"

"እኔ ጋ ቀርበዋል" አለ። "እየሄዱ ነው።"

"አንድ ቦታ ቆሜ አላሉም? አጭበረበሩን!" ደሜ ፈላ። "አባባ! ምንድን ነው የሚያደርጉት? ይቁሙ!"

በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤ የእስክስታ ዘፈንም ይሰማል። ከዚያ እንደገና ጧ፣ ጧጧ፣ ጧ፤ እንዲያውም የቁጣ ነበር።

"በቅሎ ተቀምጠው ይሆናል" አሉ አያ ካሳሁን።

"በቅሎ እንዲህ አትሮጥም" አለ ዋልልኝ። "መኪና ነው። ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ክፍተቱ እያለቀ ነው..."

"ውጣ! መንገዱ ላይ ውጣ!"

ሲሮጥ፣ ሲያለከልክ ይሰማኛል። የመኪና ጩኸት መጣ። ከዚያ ጅራፉ በሁለቱም ስልክ በአንድ ጊዜ ጧ! አለ፤ ዋልልኝ "ወይኔ!" አለ፣ የሆነ ነገርም ቦጭ ብሎ ወደቀ።

"ዋልልኝ! ምን ሆንክ?"

"ጭቃ ውስጥ ነኝ። አለፉኝ! አይሱዙ ነው፤ ግማሹ ሸራ ለብሷል። ጅራፉ ከራሴ በላይ ነው የጮኸው! ታርጋውን ጉም በላው!"

አሁን እኔ ፈራሁ። ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። አባቴን የማያውቁት አይሱዙ ወደ ጉና አቀበት ይዟቸው እየሄደ ነው። ብርድ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። መኪናው ነፋስ መውጫ ይቁም ወልድያ ይቁም ማን ያውቃል!

"አባባ! በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ውርርዱ ይቅር! የት ነዎት?"

ከስልኩ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ መጣ፤

"አላውቅም!"

ጥሪው ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፤ አይገኝም። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ በአየሩ አንዲት ጧ መጣች፤ ከዚያ እሷም ጠፋች።

ኮረብታው ላይ ቁጭ አልኩ። የምትወደው ሰው የሆነ ቦታ እንዳለ እያወቅህ የት እንደሆነ አለማወቅ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለኔ የአንድ ጧት ነው፤ እሳቸው ሁለት ዓመት እንዲህ ነበሩ። ኩዌት እያለሁ የማዝነው ለራሴ ብቻ ነበር። አያ ካሳሁን ጋቢያቸውን አወለቁና ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ ለማጋነን እንኳ ቃል አጡ።

ዋልልኝ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ ኮረብታው ላይ ደረሰ። ዓይኑ ብቻ ነው ንጹሕ።

"ጠፉ" አልኩት።

"አልጠፉም። ድምፃቸው ነው የጠፋው።" መሬቱ ላይ ተንበርክኮ የለካነውን በጣቱ ጭቃ ላይ መጻፍ ጀመረ። "መንኮራኩር ከፕላኔት ጀርባ ሲገባ ድምፁ ይቋረጣል። ማንም ጠፋ አይልም። የት እንደነበረና በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር ከታወቀ፣ በየት በኩል መቼ እንደሚወጣ ይታወቃል። አባትሽ የት እንደነበሩ እናውቃለን። ፍጥነታቸውንም ጅራፉ ነግሮናል። መንገዱ አንድ ነው።"

"መኪና እኮ አቀበት ላይ ይዘገያል።"

"የትኛው አቀበት ላይ እንደሚያቃስት እኔ አውቃለሁ፤ የጋሳይ ልጅ ነኝ" አለ። አሰበ፣ ደመሰሰ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ለእናቱ ደወለ። ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

እናቱን እትዬ አበበችን እኔ በፎቶ እንጂ በአካል አላውቃቸውም። አባቴማ ጨርሶ አያውቋቸውም።

"እማዬ፣ አስፋልቱ ላይ ውጪ። ስልኩን እንዳትዘጊው። አይሱዙዎች ይመጣሉ፤ እኔ አሁን ሳልልሽ አንዱንም አታስቁሚ።"

"ምን ተጭኖበት ነው?"

"የፈንታነሽ አባት።"

እትዬ አበበች ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ነጠላቸው ሲንኮሻኮሽ፣ ጫማቸው ጭቃ ሲረግጥ ሰማን። "ጉሙ እኮ እጄንም አያሳየኝ" አሉ። ቆዩ። ዝናብ ሲጀምር በስልኩ ውስጥ ተሰማን። የኛ ላይ ገና ነበር።

መኪና መጣ። "ይሄ ነው?"

"አይደለም፣ ይለፍ።"

አለፈ። ቆየና ሌላ መጣ። "ይሄስ? ይሄም አይሱዙ ነው ልጄ!"

ዋልልኝ የስልኩን ሰዓት አየ፤ ጭቃው ላይ የጻፈውን አየ። እጁን ያዝኩት።

"ይለፍ" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?" አልኩት። "እነሱ ቢሆኑስ?"

"ገና ናቸው።"

ያ መኪና ሲያልፍ ነፍሴ አብራ ሄደች። አያ ካሳሁን በሹክሹክታ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመሃል ተሳስተው ደገሙት።

"እማዬ" አለ ዋልልኝ። "አሁን ተዘጋጂ።"

"ምንም አይሰማም እኮ።"

"ተዘጋጂ።"

ከዚያ ሰማነው። የሚያቃስት ሞተር፣ የእስክስታ ዘፈን።

"አሁን ነው! አስቁሚው!"

"ቁም!" አሉ እትዬ አበበች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሴትም ከወንድም ሰምቼ አላውቅም። "ቁም ብያለሁ! መሀል መንገድ ላይ ነኝ፤ ትገድለኝ እንደሆን ግደለኝ!"

ፍሬን ሲጢጥ አለ። ሹፌሩ የተሳደበውን አልደግመውም፤ ጾም ነበር። ዘፈኑ ቆመ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። በዝናቡ መሀል፣ ከጭነቱ ላይ፣ የሰለለች አንዲት ጧ መጣች፤ ቀጥላ ጧጧ፤ ቀጥላ ጧ።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ብቻ ጮህኩ። አያ ካሳሁን ከዘራቸውን ጥለው እያጨበጨቡ ይዞራሉ።

"ማን ነው ከላይ?" ይላል ሹፌሩ። "አባ! ማን አወጣዎት?"

"ያ መናኸሪያው ሥር ተበላሽቶ የሰነበተው መኪና መስሎኝ ነው የወጣሁት!" አሉ አባቴ፤ ጥርሳቸው ሲፋጭ ይሰማል። "ከፍ ያለ ቦታ ፈልጌ የድንች ጆንያው ላይ ቆምኩ... በጉሙ ውስጥ በምን ልለይ? ጣራህን ስደበድብ ዘፈን ታጎላለህ! ለመሆኑ የት ነኝ?"

"ጋሳይ ነዎት" አሉ እትዬ አበበች። "እኔ የዋልልኝ እናት ነኝ። ይውረዱ፣ እጅዎን ይስጡኝ።"

እግር ጭቃ ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

"ፈንቴ።"

"አቤት አባባ! ደህና ነዎት? በረደዎት? ስልኩ ለምን..."

"ዝም በይና ስሚኝ" አሉ። ድምፃቸው የዜማ መምህር ድምፅ አልነበረም። "ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጧት ከኪዳን ስወጣ መናኸሪያው በር ላይ እየቆምኩ ከባሕር ዳር የሚገባውን መኪና ሁሉ አይ ነበር። አልነገርኩሽም። ቀኑ የትኛው እንደሆነ፣ መኪናው የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዛሬ ይህች ሴት ዝናብ ላይ ወጥታ ሁለቱን አሳልፋ በሦስተኛው ፊት ቆመች። 'እዚህ ውስጥ እንዳሉ ልጄ ነግሮኛል' አለችኝ። ፈንቴ፣ ሰው እንዲህም ይፈለጋል ለካ።"

እንባዬም ሳቄም በአንድ ላይ መጡ፤ የቱ እንደሚቀድም እንኳ አላወቅሁም።

"አንቺን ሲያጣሽ እንዲህ የሚፈልግሽ ከሆነ" አሉ፣ "ቀኑን ቁረጡ። እኔ እስክደርቅ እዚሁ ምድጃ ዳር ነኝ።"

ዋልልኝ ክንዴን ይዞ ይጎትተኛል። "ምን አሉ? ስንት ደቂቃ ነው የሳትኩት? አቀበቱን ያበዛሁበት ይመስለኛል፤ ጠይቂያቸው እስቲ።"

አይ ሞኝ! ስልኩን ጥዬ ከነጭቃው አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ጭቃው አንሸራትቶ ወደኋላ ወሰደን፣ ሁለታችንም ሣሩ ላይ ወደቅን፣ አሁንም አልለቀቅሁትም። ሽማግሌ ፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ! ማን ሊከለክለኝ!

"ሃሎ? ፈንቴ? ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?" ይላሉ አባቴ ከሣሩ ውስጥ።

አያ ካሳሁን ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጎንበስ ብለው ስልኩን አነሱ።

"ምንም የለም መሪጌታ" አሉ። "ጉም ነው፤ ምንም አይታየኝም።"